በሚቴን ያፈጠርን ዕለት

ከደማም እስከ ኾበር፣ ከባሕሩ ዳር እስከ በረሃው ጫፍ፣ ኬሚስትሪን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሐበሻ አልነበረም። ቅንጣት አላጋነንኩም። ጋዝ ገና ከሲሊንደሩ ሳይወጣ ስሙን ከነአባቱ የምጠራ ሰው ነበርኩ። የነዳጅ መሐንዲሶቹ በቸገራቸው ቁጥር ለእኔ ያልደወሉት ስልኬን ስላላገኙት ብቻ ነው።

ሥራዬ የኤሲ ጥገና ነው፤ ሙከይፍ እንለዋለን እዚያ ሳዑዲ። የማውቀው ጋዝ ሦስት ዓይነት ሲሆን የምለየውም በሲሊንደሩ ቀለም ነው። አረንጓዴው ለአሮጌ ኤሲ፣ ሰማያዊው ለመኪና፣ ሮዙ ለአዲስ። አንድ ቀን ባለሱቁ ዝገቱን ለመሸፈን ብሎ ሲሊንደሮቹን ሁሉ ነጭ ቀለም ቢቀባብኝ፣ ፊታቸው ቆሜ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው እንደጠፋበት ሰው ኪሴን ስዳብስ ዋልኩ።

ልጄ ግን ይህን አታውቅም። እዚያው ደማም ተወልዳ ያደገች፣ ያን ጊዜ አስረኛ ክፍል የደረሰች ናት። አማርኛዋ የእናቷ ነው፣ ዓረብኛዋ የሰፈሩ፣ እንግሊዝኛዋ የትምህርት ቤቷ፤ ስትናደድ ሦስቱንም ባንድ ዓረፍተ ነገር ታሰልፋቸዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ፋርማሲስት እሆናለሁ እንዳለች ነው። ኾበር ያለው ትምህርት ቤቷ ደግሞ ከአስረኛ በኋላ ልጆቹን ለሁለት ይከፍላል፤ ሳይንስና ኮሜርስ። የእሷ የኬሚስትሪ ውጤት ከሁለቱም ሳይሆን መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ግብጻዊቷ መምህሯ ጠርታ፣ «ሞለኪውሎች ለምን የየራሳቸው ቅርጽ እንዳላቸው ሞዴል ሠርተሽ ለክፍሉ ታስረጂያለሽ። ጥሩ ከሆነ ሳይንስ፣ ካልሆነ ኮሜርስ» አለቻት። ኮሜርስ ገባች ማለት ፋርማሲ ቀረ ማለት ነው።

«ባባ፣ አንተ ጋዝ አይደል የምትሠራው? ፍሪዮን ቅርጹ ምንድነው?» አለችኝ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ።

«ክብ» አልኩ ጫማዬን እያወለቅኩ።

«ክብ?»

«እንደ ሲሊንደሩ። ክብ ባይሆን እንዴት ይገባል?»

ባለቤቴ ከኩሽና ሳቋን ለቀቀችው። «ጠይቂው፣ ጠይቂው! ፕሮፌሰሩ ዛሬ በደንብ ነቅተዋል!»

ልጄ አልሳቀችም። አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀት አወጣችና ታስረዳኝ ጀመር። አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው ይያያዛሉ፤ ቦንድ የሚባለው እሱ ነው። ኤሌክትሮኖቹ የሚቀመጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ሁሉም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ግን አንዱ ጥንድ ሌላውን ጥንድ ይገፋል። ስለዚህ በመሀለኛው አቶም ዙሪያ እርስ በርስ የቻሉትን ያህል ተራርቀው ቦታ ይይዛሉ። የሞለኪውሉን ቅርጽ የሚሠራው ይኸው መራራቅ ነው።

«ገባኝ» አልኩ። «የተኳረፉ ዘመዳሞች ሰርግ ቤት ሲቀመጡ ማለት ነው።»

ጥቂት አሰበችና «በትክክል!» አለች። ወላሂ፣ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ «በትክክል» የተባልኩት ያን ቀን ነው። ደሜ ሞቀ።

ቀጠለች። ሚቴን ውስጥ ካርቦን መሀል ነው፣ አራት ሃይድሮጅን ይይዛል፤ አራቱ ሲራራቁ አንዱ ወደ ላይ፣ ሦስቱ ወደ ታች እንደ በርጩማ እግር ይዘረጋሉ። የእኔ ፍሪዮንም እንደሱው ነው። ሃያ ዓመት ትከሻዬ ላይ የተሸከምኩት በርጩማ ነበር ለካ! ውሃ ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ጠነከረ። ኦክስጅን ዙሪያም አራት ጥንድ አለ፤ ሁለቱ ሃይድሮጅን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ምንም ሳይይዙ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

«ባዶ እጃቸውን የመጡ እንግዶች» አልኩ።

«ባባ፣ ሎን ፔር ነው የሚባለው።»

«እሺ፤ ብዙ ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው አይደል? ሁልጊዜ ባዶ እጁን የመጣው ነው ሶፋው ላይ የሚንፈላሰሰው።»

እስክሪብቶዋን ጣለች። «እንዴት አወቅህ? በእርግጥም እነሱ ይበልጥ ይገፋሉ! ለዚህ ነው ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ተጠጋግተው ውሃ የታጠፈው። ባይታጠፍ ኖሮ እኮ ውሃው ውሃ አይሆንም ነበር፤ ተኖ ጋዝ ሆኖ ይቀር ነበር።»

በማግስቱ አል ሻጢእ ሰፈር፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ካለ ቪላ ጣሪያ ላይ ኤሲ ስፈታ ቀና ብዬ ባሕሩን አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት አይቼው አላውቅም ነበር። አንቺ ባሕር፣ ተጣጥፈሽ ነው ለካ የተረፍሽው! ስወርድ ለቪላው እመቤት፣ ለማዳሟ በዓረብኛዬ ነገርኳት፤ ውሃ ቀጥ ያለ ቢሆን ዛሬ በመስኮትሽ የምታዪው አሸዋ ብቻ ነበር አልኳት። በትዕግሥት ሰምታኝ፣ «ኤሲው ግን ይቀዘቅዛል ወይስ አይቀዘቅዝም?» አለችኝ።

የሞዴሉ ነገር ሲመጣ ልጄ የፎም ኳስ ግዛልኝ አለች። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ረመዳን ገብቷል፤ ቤታችን ደንበኞቼ በሰጡኝ የተምር ካርቶን ተሞልቷል። «በተምር እንሠራለን። የሠለጠነ ሰው አቶም ቢያጣ ተምር ያጣል?» አልኩ።

«ባባ፣ ምግብ እኮ ነው። ዐይብ አይሆንም? ነውር ነው እኮ።»

«ስትጨርሺ እንበላዋለን። ምን ዐይብ አለው?»

ይህን ያልኩ ሰው መሆኔን ያዙልኝ።

ደረቅ ያለውን ተምር መረጥን፤ ስቴኪኒውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጠቆር ያለው ትልቁ ካርቦን ሆነ፣ ቀላ ያለው ረጅሙ ኦክስጅን፣ ትንንሹ ሃይድሮጅን። ባዶ እጃቸውን ለመጡት እንግዶች የካሹ ለውዝ ሰካን። አሞኒያ ሦስት ሃይድሮጅንና አንድ ካሹ ይዞ ተቀመጠ፤ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሽቦ ላይ እንደተሰካ ሚሽካክ ሥጋ ቀጥ ብሎ ተደረደረ። እሷ በፕሮትራክተር ማዕዘን ትለካለች፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ ስቴኪኒ እጠመዝዛለሁ። «ትንሽ ወደ ግራ… ትንሽ… ባባ፣ አበዛኸው!» ስትለኝ እጄ የልብ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም እጅ ይመስል ነበር። ሚቴኑን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጠው በሦስት እግሩ ቆመ፤ አራተኛውን ወደ ሰማይ ቀሰረ። እጄ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ነገር አልሠራም። ሁሉንም ትሪ ላይ ደርድረን ፎይል አለበስነውና ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተውነው። ማቅረቢያዋ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

እኛ የምንኖረው አል ነኺል ሰፈር ጀርባ ባለ አሮጌ ሕንጻ ነው። በረመዳን እያንዳንዱ ቤት ተራ እየጠበቀ ከታች ላለው መስጊድ የማፍጠሪያ ትሪ ያወርዳል። በማግስቱ ተራው የእኛ ነበር። ባለቤቴ ሳምቡሳውን አስቀድማ ልካ፣ የተምሩን ትሪ ፎይል አልብሳ ትታልኛለች። የት? ኩሽና ጠረጴዛ ላይ።

«አንተ ሰውዬ! ትሪውን ይዘህ ውረድ፣ አዛን ሊል ነው!» ብላ ከመታጠቢያ ቤት ጮኸች።

ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ጾመኛ ሁለት ትሪ ቢያይ ሁለት አያይም፤ አንድ ነው የሚያየው፣ እሱም ቅርቡን። አንስቼ ወረድኩ።

መስጊዱ ግቢ ረጅም የፕላስቲክ የማዕድ ሱፍራ ተነጥፏል። ወዲህና ወዲያ ሰው ተደርድሯል፤ ፓኪስታናዊ ሾፌር፣ ባንግላዴሻዊ ሠራተኛ፣ የመናዊ፣ የኛ ሰው። ትሪውን መሀል አስቀምጬ ፎይሉን ስገልጥና ሙአዚኑ «አላሁ አክበር» ሲል አንድ ሆነ። እጅ ሁሉ ገባ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዱዓዬን አድርጌ፣ ትልቅ የመሰለኝን ተምር አንስቼ ጎረስኩ። ላንቃዬን የሆነ ነገር ወጋኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ከፊቴ የተቀመጠው ባንግላዴሻዊ ወጣት አንድ የውሃ ሞለኪውል በአንድ ሃይድሮጅኑ አንጠልጥሎ በመብራት እያገላበጠ ያየዋል። ከጎኑ ያለው ሾፌር ካርቦንዳይኦክሳይዱን በጥርሱ እየሳበ በተራ በተራ ያወርደዋል፤ ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ኦክስጅን።

«ማሻአላህ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ይህን ያሳመሩት ሐበሾቹ ናቸው? የጥርስ እንጨቱ እንኳ አብሮ መጥቷል!»

ምን ልበል? ጾመኛን ከአፉ ልንጠቅ? አንዴ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ሾፌሩ ልጎርስ የፈለግኩ መስሎት አንድ አሞኒያ አቀበለኝ። ያ ረቢ የሚያሰኝ ነገር ነው። እጄን ሳየው አራት ሃይድሮጅን በአራት ስቴኪኒ ላይ ቀርቶልኛል፤ የሚቴኑ ካርቦን በአፌ ውስጥ ነው። ዋጥኩት። ምን አማራጭ ነበረኝ?

ሽቅብ ስወጣ ልጄ ኩሽና በር ላይ የቀረውን ትሪ ይዛ፣ ፎይሉን ገልጣ ቆማለች። ከሥሩ ያለው ተራ ተምር ነው።

«ባባ፣ የኔ ትሪ የት አለ?»

«መስጊድ።»

«ሂድ አምጣው።»

«ሆድ ውስጥ ነው ያለው።»

«የማን ሆድ?»

ሆዴን መታ መታ አደረግኩ። «የሚቴኑ ካርቦን እዚህ ነው። የቀረው በአራት አገር ሰዎች ተከፋፍሏል።»

እንደምትስቅ ገምቼ ነበር። አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ነገ እኮ ነው ባባ» አለች ቀስ ብላ። «ነገ ጠዋት። ኸላስ፣ አለቀ፤ ኮሜርስ ገባሁ።»

ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የስድቡን ሥራ ባለቤቴ ተረከበች። «ወላሂ አንተን ዳቦ ግዛ ብሎ መላክ ራሱ ሐራም ነው! ልጅቱ ስንት ቀን የደከመችበትን!»

በቀረው ተምር እንደገና ልንሠራ ሞከርን። የቀረው ግን ለስላሳው፣ ሩጠብ የሚባለው ነበር፤ ስቴኪኒው እየሾለከ ሚቴኑ ከበርጩማነት ወደ ጭቃነት ተለወጠ። ልጄን ይዤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሮጥኩ። የመናዊው ባለሱቅ መደርደሪያውን ሁሉ አየልን።

«የፎም ኳስ ማፊ፣ የለም» አለ። «ለዒድ ያስመጣሁት ፊኛ አለ።»

«ሌላ ነገር የለህም?» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ፕላስቲሲን? ሸክላ? ሲሚንቶ?»

«ማፊ።»

ልጄ ግን የፊኛውን ከረጢት አንስታ አፍጥጣ ታየዋለች። «ባባ» አለች፣ «ፊኛ እኮ ይገፋፋል!»

ቤት ስንደርስ እሷና እናቷ መንፋት ጀመሩ። እኔ ሳንባዬ በጋዝ ሥራ ተጎድቷል ብዬ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ሁለት ሁለቱን በአንገታቸው አሰረቻቸው፤ ከዚያ ሁለቱን ጥንድ መሀል ላይ አጠማዝዛ ለቀቀቻቸው። ተወርውረው ቦታቸውን ያዙ! ማንም ሳያስተካክላቸው፣ ማንም ሳይለካቸው፣ አንዱ ወደ ላይ፣ ሦስቱ ወደ ታች፤ ያ በርጩማ፣ ያ እኔ በስቴኪኒ የደከምኩበት! ጨመቀቻቸው፤ ስትለቃቸው ተመለሱ። ጣሪያ ድረስ ወረወረቻቸው፤ ወድቀውም ያው ናቸው።

«ፕሮትራክተር አያስፈልግም!» ጮኸች። «ራሳቸው ያውቁታል! ማማ፣ ራሳቸው ያውቁታል!»

«ግባና እይ እንጂ ፕሮፌሰር» አለች ባለቤቴ። አንገቴን ብቻ በበሩ አስገብቻለሁ።

«ከዚህም ይታየኛል።»

«አሁን ደግሞ ይህን ተመልከት ባባ» ብላ ልጄ መርፌ ቁልፍ አነሳች።

«ስልኬ ጠራ» አልኩና ደረጃውን ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ቧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ተከትሎ እናትና ልጅ በእልልታ ቤቱን ደረመሱት። ተመልሼ ስወጣ አራት የነበረው ሦስት ሆኗል፤ ሦስቱ ደግሞ በራሳቸው ጊዜ ተዘርግተው ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። አንዱ ሲሄድ የቀሩት ቦታውን ተካፈሉት። ኬሚስትሪ ዓይኔ ፊት ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለመተቃቀፍ ግን አልገባሁም።

አዲስ አራት ፊኛ ያለው አንድ እስር፣ ስድስት ያለው ሌላ እስር አዘጋጅታ አደረች።

በረመዳን ትምህርት የሚጀመረው አርፍዶ ስለሆነ ስንወጣ ፀሐይዋ ሥራዋን ጀምራለች። የመኪናዬ ኤሲ አይሠራም። የኤሲ ጠጋኝ መኪና ኤሲ የሌለው መሆኑ ከገረማችሁ ኤሲ ጠጋኝ አታውቁም ማለት ነው። መስኮት ብንከፍት ፊኛው ይበራል፤ ስለዚህ ተዘግቶ መሄድ ነው። ልጄ ሁለቱን እስር ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች። አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ፣ በቀኝ ጠርዝ፣ በአህያ ጋሪ ፍጥነት ወደ ኾበር ነዳሁ።

«ባባ፣ ምን ሆነሃል? ፍጠን እንጂ!»

«ለፊኛዎቹ ብዬ ነው። እንዳይጋጩ።»

ጋዝ ሲሞቅ እንደሚያብጥ ለእኔ መንገር አያስፈልግም፤ የምበላው እንጀራ ነው። ፊኛዎቹ እየተወጠሩ፣ ቆዳቸው እየሳሳ፣ እያብለጨለጩ ሲመጡ በጎን ዓይኔ አያለሁ። ትምህርት ቤቱ ጋ ልንደርስ ስንል የመጨረሻው የትራፊክ መብራት ላይ ቆምን።

ቧ!

ቀጥሎ የማስታውሰው መንገዱ መሀል ያለችው የዘንባባ ዛፍ ሥር፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ መቆሜን ነው። የመኪናዬ በር ተበርግዷል። ልጄ ውስጥ ሆና አፏን ከፍታ ታየኛለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ የአካባቢው ጥሩምባ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነፋ። ሴቶች እንዲነዱ ከተፈቀደ ገና ዓመት አልሞላም ነበር፤ ከኋላዬ በትልቅ መኪና የመጣች ወይዘሮ መስኮቷን አውርዳ፣ «ያ ዐም፣ አጎቴ! ወይ ንዳ ወይ ለልጅቷ ልቀቅላት!» አለችኝ።

ተመልሼ ገባሁ። መብራቱን አለፍን።

«ባባ… ትፈራለህ እንዴ?»

«ማን? እኔ? ዛፏን ላያት ብዬ…»

«ባባ።»

ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ። አባያዋን ከፍ አድርጋ ፊኛዎቹን እግሯ ሥር አስገባችና በጨርቁ ሸፈነቻቸው፤ ከፀሐይም ከእኔም።

«የቱ ነው የፈነዳው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

አጎንብሳ አየች። «ከስድስቱ አንዱ። አምስት ቀረ።»

«ተበላሸ?»

ሳቋ መጣ። «አልተበላሸም! ቅርጹን ቀየረ እንጂ። አምስቱ ራሱ ሌላ ቅርጽ አለው፤ ከዚህ እጀምራለሁ!»

የሴቶች ክፍል ወንድ አያስገባም። እስሮቹን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ በበሩ ስትገባ አየኋትና ከሱዳናዊው ዘበኛ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ዘበኛ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ «ዒድ ዛሬ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ ዛሬ ፍርድ ነው» አልኳቸው።

የላቦራቶሪው መስኮት ከራሳችን በላይ ነው። ምንም አይሰማም። ምራቄ ደረቀ፤ ጾሙ ይሁን ጭንቀቱ አላውቅም። ረስታው ይሆን? ቋንቋዎቹ ተደባልቀውባት ይሆን? የምበላውን ባውቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ የገዛ ልጄን ዕድል በተምር አላምጬ ዋጥኩት እኮ!

ቧ!

ከወንበሩ ተስፈንጥሬ የበሩ ምሰሶ ጀርባ ገባሁ። ከላይ ሴቶች ልጆች ሲጮኹና ሲያጨበጭቡ ተሰማ።

«አራት ሆነ!» አልኩ ከምሰሶው ጀርባ። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ በርጩማ ሠራ ማለት ነው!»

«ምን?»

ቧ! «ሦስት! ጠፍጣፋ ሆነ!» ቧ! «ሁለት! ቀጥ አለ! ሚሽካክ!» እያንዳንዱ ፍንዳታ ነፍሴን ያወጣታል፤ እያንዳንዱ ፍንዳታ ደግሞ ልጄ እዚያ ቆማ እያስረዳች እንደሆነ ይነግረኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ተርበትብቼም እንደዚያ ተደስቼም አላውቅም፤ ሁለቱን ባንድ ላይማ ጭራሽ።

ሽማግሌው ሙስበሃቸውን አቁመው ያዩኛል። «ልጅህ እንደምታሸንፍ ገባኝ» አሉ። «አንተ ግን ለምን ትደበቃለህ?»

ይህን ሲሉኝ ልጄ እየሮጠች ወጣች። አባያዋ ባንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሏል፣ ፊቷ በርቷል። «ሳይንስ! ባባ፣ ሳይንስ! መምህሯ ራሷ አንዱን ላፈንዳ አለች! ሐሳቡን ከየት አመጣሽው ስትለኝ አባቴ የመጀመሪያውን ሞዴል በልቶት ነው አልኳት፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተንከባለለ!»

«የሳይንስ ታሪክ እንዲህ ነው የሚሠራው» አልኩ። ኩራቴ ያን ቅጽበት ተመልሶ ነበር፤ ደረቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር በላይ ወጥቷል።

ከጀርባዋ አንድ እጇን አወጣች። ያልፈነዳው እስር ነው፤ አራቱ ፊኛ፣ ሚቴኑ። «ይህን ለአባትሽ ስጪው ብላኛለች። እንካ ባባ፣ ያዘው።»

ልጄ ታየኛለች። ሽማግሌው ያዩኛል። ፊኛው ፀሐዩ ላይ ያብለጨልጫል።

አልያዝኩትም። ሽማግሌው ተቀብለው ወንበራቸው ሥር አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። በግፊት የታጨቀ ሲሊንደር ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ አምስት ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ፊኛ ግን እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ እስከ ዛሬ።